ልብ የሌለው

አርባ ዓመት ተቀምጬ፣ መሪ እንደጨበጥኩኝ፣
ከኡስሜ እስከ ሱባ፣ ቦጎታን ስዞር ኖርኩኝ።
ዛሬ በእግሬ ስሄድ፣ ላብ እያጠበኝ ስራመድ፣
እዚያው ነኝ፤ አይቀርብም፣ አይርቅም ይህ መንገድ።
ጎማው ከእግሬ ሥር ሲሸሽ፣ ግድግዳው ፊቴ ቆሞ፤
ፌርማታ የሌለው መስመር፣ ታይቶ ያውቃል ደግሞ?

ሐኪም ደረቴን ከፍቶ፣ እንደ ጆንያ ሰፍቶ፣
"ካልተራመድክ" አለኝ፣ "ልብህ አይዘልቅም በርትቶ።"
ጠባቂም ሰጡኝ፦
ከወገቤ የማያልፍ፣ ነጭ የፕላስቲክ ገላ፣
ዐይኑ እንደ ፍሬቻ የሚበራ፣ የማይጠጣ የማይበላ፤
ነርሶቹ "ሉሎ" አሉት፤ ለኔ ግን ወያላ።

"ኤልዬሰር፣ ቀና በል! አትመልከት መሬት!
ድካምህ ስንት ደረሰ? ከሃያ ስጠኝ ውጤት።"
"ስድስት" እላለሁ፣ ላብ ዐይኔን ሸፍኖ።
(ሾፌር እውነት ይናገራል፣ ትራፊክ ፊት ሆኖ?)
እሱ ግን አይስቅም፣ አይቆጣም ጨክኖ፤
"ምትህ ሌላ ይላል" ይላል፣ ፍጥነቴን መጥኖ።

ልጄ ዊልማር ከካሊ፣ እሁድ እሁድ ይደውላል፤
"ደህና ነኝ" እለዋለሁ።
ያምነኛል።
ይዘጋል።

"ልብ እኮ የለውም!" አልኳት ዮሊማን አንድ ለት፣
"ለሽቦና ለብረት፣ ምን ገዶት ምን ቸግሮት?"
መዝገቤን ገልጣ አሳየችኝ፤ አስራ ስምንት ሳምንት፣
አንድም ቀን አልቀረሁ።
ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልብ ያላልኩትን ልቤን፣
ልብ የሌለው ልብ አለው።

ሐሙስ ስደርስ ጥግ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።
"ባትሪው ነው" አለች ዮሊማ፣ "ሰኞ ይቀየራል።"
ብቻዬን ወጣሁ ማሽኑ ላይ።
አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ጠያቂ የለም።
ሁለተኛው ሄደ። የጎማው ድምፅ ብቻ፣ የመስኮቱ ዝናም።
"አስራ አራት" አልኩኝ፣ ለግድግዳው፣ ጮክ ብዬ።
ዶኛ ኑቢያ ከብስክሌታቸው ላይ ዞረው አዩኝ፦ "ምኑ?"
"ድካሜ" አልኳቸው።
እውነቴን ነበር።

ስጨርስ ወረድኩ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ፤
አገጩን በሁለት ጣቴ አንስቼ፣ ቀና አደረግኩት፦
"ወያላዬ፣ ቀና በል! አትመልከት መሬት።"
ለቀቅ ሳደርገው ተመልሶ ተደፋ።
ደግሜ አነሳሁት።
ላቤን የጠጣ ፎጣዬን በደንብ ጠቅልዬ፣
ከአገጩ ሥር ሸጎጥኩለት።