ሦስቱ ጫንያለው

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአታሚው ማሽን ጥግ፣
ወንበሬ ዘመም ያለ፣ አንድ እግሩን የሚፈልግ፤
ደረቴ ላይ ካርድ አለ፣ «ተለማማጅ» ይላል፣
ግማሹን በር ይከፍታል፣ በግማሹ ቀይ ያበራል።

ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው፤ ሰው የረሳውን ማስታወስ፣
የይለፍ ቃል ለጠፋበት አዲስ ሰጥቶ መመለስ።
አንዷ የልጇን ልደት፣ አንዱ የውሻውን ስም፣
ሁሉም ቁልፉን የሚቀርጸው ከሚወደው ነው፤ ሌላ የለም።
እኔ ግን ቃሉን አላይም። ነጥብ ብቻ ነው የማየው፣
ስምንት ጥቁር ነጥብ፣ ፍቅራቸውን የሸፈነው።

አስተማሪዬ ጌናዲ ነው፤ ሲያመሰግኑት የሚከፋ፣
ሻዩን በሎሚ የሚጠጣ፣ ምክሩን በጠብታ የሚያካፋ።
«ከማጥፋትሽ በፊት» ይለኛል፣ «እጅሽን ከማውሱ አንሺ፤
እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ደግመሽ ቁጠሪ፤ ካልቻልሽ ተነሺ።
አብዛኛው ነገር ሳትነኪው ይድናል።»

በመጋቢት፣ ሐሙስ ለት፣ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ
አንድ ጥያቄ መጣ፦ «አካውንቱ እንቢ አለው፤ ሰውየው ሥራ ፈቶ ቆመ።»

ፈለግኩት። አንድ ሰው ያልኩት ሦስት ሆኖ ወጣ።
አንዱ በሳሜኽ፣ «ሳንያሎ»፣ ደመወዙ በዚያ የመጣ፤
ሁለተኛው በጻዲ፣ «ጻንያላው»፣ ፈቃድ የሚሞላበት፤
ሦስተኛው «ሻንያ»፣ ጅራቱ የተቆረጠ፣ ማንም ያልገባበት።
ጨን የሚሸከም ፊደል አጥተው፣ ጸሐፊዎቹ በየተራ
ጆሯቸው የሰጣቸውን ጽፈው፣ ወጡ ወደ ምሳ ሥራ።

ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጫ ከአፌ ፈነዳ።
ጌናዲ ዞር አለ፦ «ምን ሰበርሽ?»
«ምንም። ስም ነው።»

ጫንያለው። ጫን፣ ያለው።
ፕሮግራም ስናስገባም ቃላችን ያው ነው፤
ማሽኑ «ቦታ የለኝም» ይላል፣ ሲከብደው።
ሰውስ ምን ይላል?

«ድርብ ነው» አለ ስክሪኑ፤ «አንዱን አስቀሪ።»
እስከ አሥር አልቆጠርኩም። አራት ላይ ተጫንኩ፣ እኔ ደፋሪ።

ለካስ ያጠፋሁት የሰውየውን አሥራ አንድ ዓመት ነበር፦
የታመመበትን ሰኞ፣ ያልወሰደውን እረፍት፣
በሌሊት የተማረውን፣ በቀን የተፈተነበትን ሰዓት፣
በአንዲት ጠቅታ፣ ያውም ድምፅ በሌላት።

ጌናዲ አልጮኸም። ሎሚውን አስቀመጠ። ቁልፉን አነሳ።
ወደ ምድር ቤት ወረድን፣ ሰርቨሮቹ ወደሚያጓሩበት፤
ውጭ የሻራቭ ንዳድ፣ ውስጥ ጥርስ የሚያጋጭ ቅዝቃዜ፣
አረንጓዴ መብራት ሲጠቅስ፣ እኔ ስንቀጠቀጥ ጊዜ ለጊዜ።
መጠባበቂያውን ከፈተው። መስመሯ መሳብ ጀመረች፦
አሥራ ሁለት ከመቶ። አሥራ ሦስት። እዚያው ቀረች።
የቂርያት ማላኺ የመጨረሻ አውቶቡስ ሄደ።
ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።
«ያላጠፋ አይመልስም» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ሦስቱን አንድ ላይ ሰፋሁ።
ጨን እንዴት እንደጻፍኩት አልናገርም፤
ከጻዲው አጠገብ ጭረት አለች፣ እንደ ሽፋሽፍት፣
ማንም ልብ አይላትም።

ስልኩ ጮኸ።
«ማን ልበል?»
«ጫንያለው ነኝ።»
«የትኛው?» ልለው ስል ዋጥኩት።
«ልጄ» አለ፣ በአማርኛ፣ ማሽኑ ከኋላው እየጮኸ፣
«ሦስት ሆኜ ስለፋ የአንድ ሰው ነበር የሚከፈለኝ፤
አንድ ስላደረግሽኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሳቅኩ። ዘጋሁ። ጌናዲ ሻይ ሊያፈላ ሄዷል።
እጄ አላርፍ ብሎ የራሴን ስም ጻፍኩ።
አንድ ብቻ ነኝ፤ ፊደሌም አልጎደለም።
ከስሬ ግን አንዲት ግራጫ ሳጥን፦
«የሚያበቃበት ቀን፣ ነሐሴ መጨረሻ።»
ጫን አልኳት። አትከፈትም።
ደግሜ ጫን አልኳት።

እጄን ከማውሱ አነሳሁ።
አንድ።
ሁለት።