ነቅሎ መትከል

አዳማ፣ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ነፋሱ ቆርቆሮ ሲመታ፣ አቧራው በስንጥቅ ሲገባ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቦርድ ደርድሬአለሁ፤
ከነጋ ጀምሮ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ማሽኑ ቆሟል፤ አጥንቱ ያሮጌ አልጋ ብረት፣
ሐዲዱ የመሳቢያ፣ ቀበቶው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣
ሞተሮቹ ሦስቱም ከሞቱ ፕሪንተሮች የተረፉ፣
በሰው ጽሑፍ ላይ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን የገፉ።
የቀረው አንጎል ነው።
እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

አንዱ ቦርድ ከዚያው ከፕሪንተሩ ሆድ የወጣ፣
ዋጋ አልተከፈለበትም፤ ቋንቋውን ግን ማን ያምጣ?
የሠራው ፋብሪካ ቆልፎ ቁልፉን ይዞት ሄዷል፤
ስነካካው አረንጓዴ ዓይኑን አንዴ ገልጦ ከድኗል።

ሁለተኛው ጥቁር፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣
ሙዘይን ከመርካቶ ያመጣው፦ «ይኼ ነው ዘመኑ!
ሠላሳ ሁለት ቢት፣ ድራይቨሩ እላዩ የተበየደ፣
ሲሮጥ አይሰማህም፣ ድመት ባጠገብህ እንደሄደ።»
ዋጋውን ሲነግረኝ
የሁለት ወር ኪራይ ትዝ አለኝ።

ሦስተኛው ሰማያዊ አርዱዪኖ፣ ተማሪ የሚጀምርበት፣
ቀይ ጋሻ የደረበ፣ አራት ድራይቨር እንደ ጥርስ የተሰካበት፤
ሲሠራ ያንጎራጉራል። «አርጅቷል፣ ተወው» ይሉታል።
ኪሴ ግን ያውቀዋል።

ጋሽ ሌንጂሶ ገቡ።
የዚህ ከተማ ሙሽራ ግማሹ፣ እሳቸው የጠረቡት ሐረግ ከራስጌው ነው ያደረ፤
እጃቸው ግን ካምና ወዲህ፣ መሮ ሲይዝ መራድ ጀመረ።
ይህን ማሽን ለዚያ ብዬ እንደጀመርኩት አልነገርኳቸውም።
ያውቃሉ። አልጠየቁኝም።

«የትኛው ነው የሚያየው?»
«አንዱም አያይም ጋሼ፤ መቁጠር ብቻ ነው የሚችለው።
ሁለት መቶ እርምጃ ሲሞላ አንድ ዙር ሄድኩ ይላል፤
እንጨቱ ጠንክሮበት እግሩ ቢንሸራተት እንኳ፣ ‹ደርሻለሁ› ይላል።»
«እንደ ወረዳ ሪፖርት በለኛ!» ብለው ሳቁ።

መብራት ጠፋ።
በበሩ አሻግሬ ሳይ፣ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፤
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ያበራሉ።

«እንዲህ ሲሆንስ?»
«የቆመበትን ይረሳል።»
«ሲነቃሳ?»
«ጥግ ላይ ትንሽ ስዊች አስሬለታለሁ፤ ሄዶ ይነካታል፣
ከዚያ ከዜሮ ይነሳል።»
«ደግ። እኔም መሮ ሲስተኝ ተመልሼ ከጠርዝ ነው የምለካው።
ቢቃጠልስ? እሱ ነው ዋናው ጣጣው።»

ጥቁሩን አነሳሁ፦ «ይኼ አንድ ጎኑ ሲቃጠል ሁለመናው ይሞታል፤
ሙዘይን ሌላ እስኪያመጣ ወሩ ይሞላል።»
ከቀዩ ጋሻ ላይ አንዷን ጥርስ በሁለት ጣቴ ሳብኩ፦
«ይኼ ግን ነቅሎ መትከል ነው፤ የቀረው ሳይነካ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። አስቀመጥኩላቸው።
ጥፍር የምታህለው ነገር ተንቀጠቀጠች፤ የተንቀጠቀጠው መዳፋቸው።
«ነቅሎ መትከል…» አሉ፣ ካንጓቸው እስከ ትከሻቸው
ክንዳቸውን እያዩት፣ የተዋሱት ዕቃ ይመስል።
ሌላ አልተናገሩም።

ሰማያዊውን መረጥኩ።
በተረፈኝ ብር ሁለት ትርፍ ድራይቨር፣ ለአዳማ ሙቀት አንድ ማራገቢያ።
ሙዘይን ካርቶኑን ሲዘጋ ፊቱም አብሮ ተዘጋ።

ማታ መብራት መጣ።
ማሽኑ ጥጉን ነካ፣ ተመለሰ። በመሮ ፈንታ እርሳስ አስረንለት፣
ጋሽ ሌንጂሶ በቅርቡ የሣሉትን ሐረግ አስነበብነው ከወረቀት።
እያንዳንዷን እርምጃ ለአሥራ ስድስት እየሸነሸነ
እየቆጠረ ሄደ፤ አንዲቷንም አልዘለለ፤
ቅጠሉ ጫፍ ላይ የእጃቸው መራድ ሳይቀር ተሣለ።

ላጠፋው ተነሳሁ፤ በሶፍትዌር ማለስለስ ይቻላል።
እጄን ያዙኝ።
«ተወው። ቅጠል ነው፤
አዳማ ላይ የበቀለ ቅጠል መች ነፋስ አጥቶ ያውቃል?»

ሦስተኛው ድራይቨር ግሎ ነበር።
ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞርኩ።