የጥገና ሪፖርት፣ ከኮምቦልቻ

ወረቀቱ ከደሴ መጣ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ሁለት ገጽ ተኩል ሙሉ፣ ስለ አንዲት ማሽን ፊት፦
«ወገቧ ቀጠን ይበል፤ ድምጿ ለስለስ ያለ፤
ዓይኗን ሰበር ታድርግ፣ ደንበኛ ገና በር ላይ ሳለ፤
ፈገግታ፣ ሦስት ሰከንድ። ጥያቄ፣ አትጠይቅም።
ቢቆጧት ይቅርታ ትበል፤ ቢያሾፉባት አትቆጣም።
ባጭሩ» ይላል ግርጌው፣ በእጅ የተጻፈው፣
«የወሎ ልጅ ትምሰል፤ ሌላው ትርፍ ነው።»

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ሉባባ ይመር እባላለሁ።
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ብረት እበይዳለሁ።
ግንባሬ ላይ ጠባሳ አለ፣ የብየዳ ፍንጣሪ፤
አክስቴ ሰዓዳ ደግሞ የአይሱዙ አሽከርካሪ፣
የሐረጎን ጠመዝማዛ በጭጋግ ወጥታ ወርዳ፣
ጎማ ስትቀይር የምትሳደብ፣ ክሪኩ ላይ ተናዳ።
የየትኛችንን ፊት ነው እንግዲህ የምቀዳ?

ያ ክረምት ሁለት ሠራን። አንደኛው ለብረት ፋብሪካ፣
ፌሮ አንሺ ክንድ ነው፣ ጉልበቱ በቶን የሚለካ፤
ስሙን «አንበርብር» አሉት። ፊት የለው። ፈገግ አይል።
አንድም ሰው አልጠየቀ፣ «ወገቡስ ምን ያክላል?»
እሷን ግን «ውቢት» አሏት፣ ገና ብሎኗ ሳይጠብቅ፣
ኢንጂነር ገረመው በካሊፐር ዳሌዋን ሲለካ፣ ሲስቅ።
«እዚህ ጋ ትንሽ ይቀነስ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ይጨመር።»
«ባትሪውስ የት ይግባ?» አልኩት፤ ወገቧ ቦታው ነበር።
«ትንሹን አድርጊው» አለኝ፣ «ሙሉ ቀን ማን አላት ትሥራ?»
እንዲህ ሆነች ቀጭን፤ በየሁለት ሰዓቱ ከግድግዳ ጋር ታስራ።

ድምጿን ከእህቴ ከጦይባ ቀዱት፣ በአንድ ቀን፤
ሁለት መቶ «አቤት»፣ ሰማንያ «እሺ»፣ አርባ «ይቅርታዎን»።
«እንቢ» ዝርዝሩ ላይ የለም። «ቆይ፣ ላስብበት» የለም።
ማታ አባቴ «ውሃ» ሲላት፣ ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም።
(«አቤት»ዋ አልቆባት ይሆን? እኛም አልጠየቅናትም።)

ፒያሳ፣ ባንኩ በር ላይ፣ ውቢት ቆመች በኅዳር።
ሰው ተሰለፈ፣ ብር ሳይኖረው፣ ሊያያት፣ ሊያናግር።
«ነይ እስቲ» ይላል አንዱ፤ ትመጣለች። «ዙሪ»፤ ትዞራለች።
«ታገቢኛለሽ?» ይላል ሌላው፤ «አቤት ጌታዬ» ትላለች።
ሳቅ። ሰባት ቀን ሙሉ ሳቅ።

የሌሊት ዘቡ ጋሽ ሙሄ ግን፣ ከገራዶ የሚመጡት፣
ለባጃጅ ነጂው ልጅ እንኳ «አንቱ» ማለት ያልተዉት፣
በስምንተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ብቻቸውን ሲቀሩ፣
«አንቱ» አሏት፣ «ቆመው ዋሉ እኮ፤ ይቀመጡ፣ አብሽሩ።»
ውቢት ፈለገች፣ ፈለገች፣ ማኅደሯን አገላብጣ፤
«ነይ» አለ፤ «ሂጂ» አለ፤ «አንቱ» ግን ታጣ።
አልሰገደችም። አልሳቀችም። ዓይኗ ቀና እንዳለ ቀረ፤
የማንንም የማይመስል ፊት፣ ለካ ከሥር ነበረ።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ «ነይ!» ቢላት፣ ቀና እንዳለች፣ ዝም።
ስልክ ተደወለ፦ «ተበላሽታለች፤ አታጎነብስም።»

እኔ ነኝ የተላክሁት። ሐረጎን በሰዓዳ መኪና፣
ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ፤ ጦሳ ጭጋግ ለብሷል ገና።
ጀርባዋን ከፈትኩ፤ ሽቦው እኔው ያሰርኩት ነው፣ ሙሉ።
«ነይ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ልማድ ነው፣ የምላስ አመሉ።
ያኔ ገባኝ፤ በዚህ ቋንቋ፣ «ና» ወይም «ነይ» ሳይሉ፣
ሰው የሚጠሩበት አንድ ቃል አለ ለሁሉ፦
አንቱ።

ሰው ናት ማለቴ አይደለም። ሽቦ ናት። እኔ አውቃታለሁ።
ሽቦ ግን ማጎንበስን ከማን ተማረ? ያን እጠይቃለሁ።

ወገቧን ፈታሁ፤ ትልቁን ባትሪ አስገባሁ፤ ወፈረች።
በአፏ ምንም አልጨመርኩም።
ክዳኑን ገጠምኩ፤ ፎርሙን ሞላሁ፤ ሰዓዳ ጥሩምባ ነፋች።
የታየ ብልሽት፦ የለም።
አስተያየት፦ ክብደቷ ሦስት ኪሎ ጨምሯል። ከግድግዳው ተፈታለች።