የዋዝማ ዕዳ

በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ውሃ በሚመጣበት፣
ጎንደር፣ ከአራዳ በላይ፣ ዳገቱ በሚያልቅበት፣
ሰባ ጀሪካን ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ተኮራምቶ፤
ቦኖው ሌሊቱን ያስላል፣ ነፋስ ብቻ ተፍቶ ተፍቶ።

አንዳርጌ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ፣
ዓለም ይፈጥር ጀመር፣ የተረከዙን ቅርፊት ልጦ።

«ስሟ ዋዝማ ነው፤» አለኝ፤ «ነገ የማይደርስባት፣
ሁልጊዜ ዋዜማ ላይ የምትኖር አገር ናት።»
«አማልክቱስ?» አልሁት። «እነሱማ ሰልፍ ላይ ናቸው፤
ባዶ እንስራ፣ ባዶ ቅል፣ ባዶ ጋን በእጃቸው።
ብርሃን ያኔ ያለው ጨለምቴ ጉድጓድ ነበር፤
አትሸጥም፣ አትሰጥም፤ የምታውቀው ማበደር።

መጀመሪያ ኖሪት ቀዳች፤ እንደ ኖራ ረጋላት፤
ተራራውን መረገችበት፤ እስከ ዛሬ አልደረቀላት።
ዘውሪት ዕቃ አልነበራት፤ በወንፊት ተቀብላ፣
የፈሰሰው ጊዜ ሆነ፤ ትሮጣለች እሱን ተከትላ።
ጉርምስ ሰልፉን ጥሶ ገብቶ፣ ሦስት ጋን ሞልቶ ሄደ፤
ፀሐይ የምትሉት የሱ ነው፤ ያን ቀን ስድብ ተወለደ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አቶ ወንድይፍራው ብቻ፣ ሁለት ቦታ የያዘው፣
ጉሮሮውን ጠራረገና ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረው።

«መጨረሻ ውልብ መጣ፤ ትንሹ፣ ቅሉ የተሰነጠቀ፤
‹የምመልሰው የለኝም› ብሎ ሳይቀዳ ተሳቀቀ።
‹ትመልሳለህ› አለችው፤ ‹ብድር በምድር ነው› አለች።
ምድር ግን ገና የለችም! ለተረቱ ስትል ተፈጠረች።

ውልብ ቤቱ ሳይደርስ ቅሉ ባዶ ሆኖ ቀረ፤
በስንጥቁ የተንጠባጠበው መንገድ ላይ ሲበራ አደረ።
ጠብታዎቹ ቆመው ሄዱ፤ ወለዱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤
ሰው ናቸው፤ የማን ዕዳ እንደሆኑ ግን አያውቁ።
ጨለምቴ ማታ ማታ በር አንኳኩታ ‹የኔን› ስትለው፣
‹ነገ› ይላታል ውልብ። ዋዝማ ላይ ነገ የታለና ነው?»

«ወለዱስ?» አሉ ከኋላ የእቁብ ዳኛዋ፣ እትዬ የሻረግ።
አንዳርጌ አላሰበበትም፤ አገጩን ያዘ፣ በሹም ማዕረግ።
«ወለዱ ሽበት ነው፤» አለ። «ጥርስ ነው። ጉልበት ነው። ቀስ በቀስ።
ዋናው ግን እንዳለ ነው፣ ጠብታው ራሱ እስኪመለስ።»

ማንም አልሳቀም።
አንድ ውሻ ወደ ቀሃ ወንዝ ጮኸ፣ ተወው።

ቧንቧው ድንገት አጓራ። ሰልፉ ሰልፍ መሆኑ ቀረ፤
ክርን፣ ስድብ፣ ቢጫ በቢጫ፤ ጉርምስ በየፊቱ ነበረ።

ሃያ ሊትሩን በገመድ ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣
ዳገቱን ሳጋምስ ወገቤ ራሰ። «ወዬ! ወዬ!
ሥሩ ተሰንጥቋል! አንተ፣ አይተህ ነው ዝም ያልኸው?»
«እያየሁት ነበር፤» አለኝ። «ቀስ፣ እንዳትረግጪው።»

ዞርሁ። ከቦኖው እስከ እግሬ፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣
እርጥብ ነጥብ፣ እርጥብ ነጥብ፤ እያንዳንዱ ጨረቃ የሚያሳይ።
አንዱ ረዘም ያለ ነው። ሁለቱ ተጠጋግተዋል።
አንዱ፣ ገና ሳየው፣ ድንጋዩ ጠጥቶታል።

እኔ ያኔ ዐሥራ ሰባቴ፤ ቁጡ ነኝ፤ ቀሚሴ ርሷል፤
የነገ ፈተና አለብኝ፤ በአማልክት አልቀልድም።
ግን የቀረውን መንገድ
በዳር በዳር ሄድሁ።

እናታችን ባትሪ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ቆየችን፤
ጀሪካኑን በአንድ እጇ አነሣችው፤ ቀለላት፤ አየችን።
«ግማሹስ?»
አንዳርጌ እኔን ተመለከተ። እኔ መሬቱን።
«አበደርነው፤» አልሁ። ከየት እንደመጣ እንጃ።

ባትሪዋን አጠፋች፣ ድንጋዩ እንዳያልቅባት።
«ለማን?» አለ
ጨለማው፣ በእናቴ ድምፅ።