ዶሮ ያደረባት ክንፍ

ከመጊዶ ሜዳ፣ ከአፉላ ወዲያ፣
ስንዴው በሚያልቅበት፣ ከቆርቆሮ ማደሪያ፣
አንዲት አውሮፕላን አለች፣ ክንፏ በላይ በታች፤
ሰባት ተሠርተው ነው፣ እሷ ብቻ ቀረች።

ሁለት ወንድማማቾች፣ ከወንዝ ዳር ከተማ፣
እንጨት ጠርበው፣ ሽቦ ወጥረው፣ አለበሷት ሸማ።
ለደብዳቤ አይደለም፣ ለቦምብም አይደለም፣
ከጨዋታ በቀር ቁም ነገር የላትም፤
ሰማይ ላይ ተገልብጣ፣ ራሷን ዘቅዝቃ፣
ምድርን እንደ ጣራ አይታ፣ ልትመለስ ስቃ።

ሐይፋ ስትደርስ ሳጥኗ ላይ የተጻፈው
«የላም ማለቢያ» ነው።
ቀራጩም ጠየቀ፦ «ላሟስ የት ነው ያለችው?»

ኤልያኪም የሚባል የሒሳብ አስተማሪ
ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሆነላት አብራሪ፤
ሻማ ሳይለኮስ፣ ሰንበት ሳይገባ በፊት፣
ሸለቆውን ሦስቴ ይገለብጠው ነበር፣ ልጆች እየቆጠሩለት።

ከዚያ የሆነው ብዙ ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ።
ጦርነት መጣና ግራጫ ቀቧት፣
ጨዋታዋን ነጥቀው መልእክት ጫኑባት።
ሰላም መጣ ሲባል ጥጥ ላይ መድኃኒት ረጨች፣
ሦስት በጋ ሙሉ እያስነጠሰች።
ሞተሯ ተነቅሎ ለውሃ መሳቢያ ዋለ፣
መንኮራኩሯን ልጅ ወስዶ ጋሪ ላይ ተከለ፤
ቀሪ አካሏን ብሩሪያ ዶሮ አሰፈረችበት፣
አብራሪው ከተቀመጠበት እንቁላል ተጣለበት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ መብረር ያቃተው ወፍ
አደረ፣ ከመብረር ሌላ ሥራ በማያውቅ ክንፍ።

ናፍታሊ የመጣው እንቁላል ሊገዛ ነው።
እጁን ሰድዶ ኩሱን ሲጠርግ፣ ቁጥሯን አነበበው።
አዲስ ዶሮ ቤት ሠርቶ ባንድ ሳምንት ለወጣት፣
በትራክተር ጎትቶ በሌሊት ወሰዳት።
እንጨቱን ራሱ ጠገነ፤ ሞተሯን ከጉድጓዱ አፍ ለምኖ መለሰ፤
ጨርቁ ግን፣ ጨርቁ ግን በእጁ ላይ ፈረሰ።

ያኔ ነው አባቴን የጠራው፣ ስጦታውን፣
የአፉላ ፋብሪካ በጡረታ ያሰናበተውን፣
ወልቃይት ሳለ ሸማኔ የነበረውን።
እዚያ ሸማኔ ማለት ስድብ ነው፣ ያውቃል፤
ቀን ሸማውን ይለብሱታል፣ ማታ ዓይኑን ይሸሹታል።
እዚህ ደግሞ ሃያ ዓመት ላስቲክ ሲቆርጥ ኖረ፣
ጣቶቹ የሚያውቁት ሳይጠየቅ ቀረ።

«የተልባ እግር ነው» አለ፣ በአውራ ጣቱ አሽቶ፤
ዋጋ አልጠየቀም፤ ቁጭ አለ፣ መነጽሩን ሰክቶ።

ከታችኛው ክንፍ፣ ከግራው ጫፍ ውስጥ፣
ዶሮ ያልጫረው፣ ያልገባበት ምስጥ፣
ከክንድ ያነሰ ስፌት፣ የድሮ፣ አየ።
ተጎንብሶ ቆየ። «መብራት አምጡ» አለ። ደግሞ ቆየ።
«ሴት ናት» አለኝ። «ግራኝ ናት። እዚህ ጋ ቸኩላለች፤
እዚህ ጋ መርፌው ወግቷት ክሩን ደም አስነክታለች።»

ናፍታሊ «ቅደደው» አለ፤ «ደንቡ አዲስ ጨርቅ ነው የሚለው።»
የአባቴ ዕብራይስጥ ጎደሎ ነው፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀው።
ጨርቁን አነሳ እንጂ፣ ከእንጨቱ ጋር የቀረ
አንድ ቋጠሮዋን ትቶ፣ ክሩን ከክሯ አሰረ።

ከዚያ በሁለት ጣት ርቀት አንድ ቋጠሮ፣ አንድ ቋጠሮ፣
ከላይ ወደ ታች፣ አጥንቷን ዞሮ፤
ቀለሙ ሲቀባ መጋዘኑ በሙዝ ሽታ ሰከረ፣
ጨርቁም እየደረቀ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ክንፏን በጣቱ መታ፤
«ይህን የሰፋው ማነው?» አለ በእርጋታ።
አባቴ ከበሩ ኋላ ቆመ፣ ድምፁን አጥፍቶ፤
ይህን ጥያቄ የሚያውቀው ስድብ ሲከተለው ነው።

አንዴ ብቻ ነው የበረረው በዕድሜው፣
በግንቦት፣ ወንበር በሌለው ሆድ፣ መስኮት በሌለው፣
እኔን በጭኑ ይዞ፤ ሰማይን አላየው።
ናፍታሊ «ና ውጣ፣ የፊቱ ወንበር ያንተ ነው» ሲለው
«ዛሬ አይደለም» አለ። «ከታች ነው የማየው።»

ተነሳች።
ብሩሪያ ከዘራዋን አንስታ «እንቁላል እንዳትጥይ!» ስትላት
ሸለቆው ላይ ተገለበጠች፣ ምድርን ጣራ አድርጋ።
ሁላችን አንጋጠን ስናጨበጭብ
አባቴ ስንዴው ላይ ጥላዋን ይከተል ነበር፣
ጠርዟ ይርገበገብ እንደሆን፣ ስፌቱ ይላላ እንደሆን።
አልላላም።

ቋጠሮዋ አሁን ውስጥ ነው፣ ከእሱ ቋጠሮ ጋር።
ማንም አያየውም፣ ጨርቁ እንደገና አርጅቶ
ሌላ ሰው፣ ሌላ መርፌ ይዞ፣ እስኪቀድደው ድረስ።