ስንት በስንት?

«ስንት በስንት ይሁን?» አለኝ ሸምሱ በያጁ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጠመኔ ይዞ በእጁ።
ኮራ አልኩ። «ትልቅ ነው የምሻው፤ ሰባት መሳቢያ ያለው፣
ከወገብ ከፍ የሚል፣ በጎማ የሚሄድ፣
እንግዳ ሲገባ ‹የማን ነው?› የሚለው።»
ላሜራውን በጥፍሩ አንኳኳና፣
«የሚገባበትን በር ለክተሃል?» አለና
ወደ ብየዳው ዞረ እንደገና።
ምን ልበል? ልክ ነው።
የጠፋብኝም ልኩ ነው።

ቤቴ ከቦርከና ማዶ ነው፤ ጋራዥ ብዬ የምጠራው
ከግድግዳው የተለጠፈ ቆርቆሮ ነው፣ ንፋስ ሲነካው የሚያወራው።
ባጃጄ ገብታ ስታድር ጆሮዋ ማገሩን ይነካል፤
አዝመራ ሲገባ ደግሞ የማሽላ ጆንያ ይጨመራል።
አንድ ጥግ የጦይባ ሳፋ፣ አንድ ጥግ የልጆች ብስክሌት፣
የተረፈችው ቦታ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ እሷም መተላለፊያ ናት።

ሜትሬን ፍለጋ ገባሁ። የለም። ሜትር የሚጠፋው
ሣጥን ስለሌለ ነው፤ ሣጥን የማይሠራው
ሜትር ስለጠፋ ነው።
ጦይባ በሩ ላይ ቆማ «አብሽር» አለችኝ፣
ስቃ፤ አሮጌ ሸራ አምጥታ ሰጠችኝ።
«ዕቃህን ዘርጋው። ሣጥን የሚለካው ከሆዱ ነው፤
ውጪው ለጎረቤት ዓይን፣ ውስጡ ግን ላንተው ነው።»

ዘረጋሁት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ሊማ፣
ጥርሱ ያለቀ ሴጌቶ፣ ክሪክ፣ የባጃጅ ጎማ፤
ከስምንት እስከ ሃያ ሁለት ቁልፍ በየተራ፣
አስራ ሦስት ቁጥር ብቻ የለችም፣ ሄዳለች ከማን ጋራ?
ቡሎንና ዳዶ የታጨቀበት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣
አንድ ቀን ይሆነኛል ያልኩት ካንዴላ፣ የሞተ ድሮ።

ሸራው ሞላ። «አየሽ!» ልል፣ «ሰባት መሳቢያም ያንሳል!»
አፌን ከፍቼ ሳለሁ ዓይኔ አንድ እጀታ ላይ ያርፋል፤
በምስማር የተፋቀ ስም፦ አበጋዝ።
እኔ ይማም ነኝ።

መዶሻውስ? የእሸቴ ነው፤ ለአንድ ምስማር ብዬ ወስጄው፣
ሦስት ክረምት ከረመ፣ «ነገ» እያልኩ ረስቼው።
ክሪኩ የጋሽ ሙሄ ነው፣ አላህ ይዘንለትና፣
መኪና ስር ጋድም ብሎ ሙያ የሰጠኝ እንደ ቀለብ፣ እንደ መና።
ልጁ ሐይቅ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፤
ክሪክ የለውምና
ድንጋይ ይደራርባል።

ያን ቀን ሰው አልጫንኩም። ብረት ጭኜ ዞርኩ።
አበጋዝ ቁልፉን አገላብጦ ዝም አለ፤ ቆይቶ ግን፣
«እኔኮ የጎረቤቴን ልጅ ጠርጥሬ፣ ሁለት ዓመት አኮረፍኩ» አለኝ።
ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።
እሸቴ ጓዳ ገብቶ ወጣ፤ በመዳፉ አስራ ሦስት ቁጥር፣
«ይቺም ያንተ ናት፤ ልመልስ ልመልስ እያልኩ፣ ሳፍር» አለ፣
ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሲሽኮረመም እንደ ልጃገረድ።
የሙሄ ልጅ አልተናገረም። ክሪኩን ከመኪናው ስር አስገባ፣
ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ፤
አንድ በአንድ።

ማግሥቱን ሸምሱ ዘንድ። «ስንት በስንት?» ያው ጥያቄ።
በክንዴ ለካሁለት፣ ግራ እጄን ከቀኝ አርቄ፦
«ይህን ያህል። ሁለት መሳቢያ። የላይኛው ይቆለፍ።
የታችኛው ቁልፍ አያሻውም፤
የሰው ዕቃ ነው የሚገባበት፤ ይደር እንጂ አይክረም።»

ሸምሱ ጠመኔውን አነሳ፣ ላሜራው ላይ መስመር አሰመረ።
ዋጋውን ግን፣ ይቅር ይበለውና፣
እንደ ሣጥኑ አላሳጠረ።