ወራጅ

«አንድ ነጥብ ሦስት በዓመት» አለ ስክሪኑ፤
ጥቁር አንበሳ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሲመሽ ቀኑ።
«ዕድል ከአንድ ይበልጣል እንዴ?» አለች ዶክተር ፅጌማርያም።
«ፍጥነት ነው እንጂ ዕድል አይደለም፤
ታክሲ ቸርችል ቁልቁለት ላይ ስድሳ ቢል ቆጣሪው፣
ስድሳ ኪሎሜትር ሄዷል አይባልም ነጂው።
የሚለካውም ገና ውስጥ ላለው ነው።
ቅርጹ ደግሞ ከአንድ በልጧል፤
ቀን በገፋ ቁጥር ቁልቁለቱ ይብሳል።»

ስለ ይርገዱ አልነገርኳትም።
ፋይሏ ጥር ላይ ቆሟል፤
ሞተች የሚል የለም፣ ዳነች የሚልም።
ዜሮ ብዬ ጻፍኳት።

ማታ ለገሃር ስንደርስ፣ ከኋላ ወንበር፣ ከጨለማ፣
«ወራጅ አለ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ።
ዞር አላልኩም።
በሩ ተዘጋ፤
ገና ውስጥ ያለነው ቀጠልን።